በአካፋ የተሰበረ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሜ «አካፋ» ነው። ያወጣልኝ የቁፋሮው ካቦ ነው፤ ጎረቤቱ ተቀበለው፣ የእህቴ ልጆች ሳይቀሩ «አክስቴ አካፋ» ይሉኛል። የጥንት ዕቃ ቁፋሮ ላይ በቀን ሠራተኛነት ስሠራ በእጄ ከመሬት ያወጣሁት መጥረቢያ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተከድኖ ተኝቷል። አጠገቡ ያለው ወረቀት «እጀታው በቁፋሮ ጊዜ በአካፋ የተሰበረ» ይላል። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ያቺን ወረቀት ግን ዓይኔን ጨፍኜም አነባታለሁ።

እኔ አልሰበርኩትም። ለሁለት ተከፍሎ ነው ያገኘሁት።

ዛሬ የሙዚየሙ ጥገና ክፍል ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። እጀታው የተጣበቀበት የድሮ ሙጫ ስለላላ ሊፈቱት ነው ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት። ዘበኛው ሦስት ቀን መለሰኝ፤ በአራተኛው ሰለቸው።

«እማማ፣ ብዙ ይቆያል እኮ» ትላለች ጠጋኟ። ነጭ ጋዋን ለብሳለች፤ የእህቴን የመጨረሻ ልጅ ብታክል ነው።

«እማማሽን ቤትሽ ፈልጊ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ ዛሬ ልቸኩል?»

«እሺ እትዬ» ብላ ትስቃለች። በስንጥር ላይ የጠቀለለችውን ጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በሚሸት ነገር እየነከረች መጋጠሚያውን ታብሳለች። «እነዚህን አንድ ላይ ማኖር መከራ ነው። ብረቱ እርጥበት ካገኘ ይዝጋል፤ እንጨቱ በጣም ከደረቀ ይሰነጠቃል።»

«ባልና ሚስት ናቸው በይኛ።»

እጄ ግን መሀረቤ ቋጠሮ ላይ ነው።

ሙጫው ለቀቀ። ጠጋኟ ሁለቱን ስባሪ መብራት ሥር አቅንታ ታስቀምጣለች። ሳትነግረኝ አየሁት፤ ዕድሜዬን እንጨት ስፈልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አዲስ ስብራት ነጣ ይላል። ይኼ እስከ ውስጡ ጠቁሯል፤ ዝገት ጠጥቷል፣ አፈር ተጋግሮበታል።

«መሬት ውስጥ እያለ ነው የተሰበረው» ትላለች ቀስ ብላ። «እርስዎ አይደሉም። ወረቀቱን አስቀይራለሁ።»

ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ማጉያ መስታወቷን ታስጠጋለች። «የስብራቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ትንሽ ጎድሏል፤ ጥፍር ቢያክል ነው። እሱ አዲስ ነው። የእኛ ሰዎች ሲያጓጉዙት ይሆናል።»

ተነስቼ መሄድ እችላለሁ። ስሜ ጠርቷል፤ ያጎደሉት የሙዚየሙ ሰዎች ናቸው እያለች ነው።

«እሷ ጉድለት የእኔ ናት» እላለሁ።

የመሀረቤ ቋጠሮ አልፈታ ይለኛል፤ በጥርሴ እፈታዋለሁ። ከጠርዙ የተነሳችው የእንጨት ስንጣሪ በጥጥ ተጠቅልላ እዚያ ውስጥ ናት። «አካፋዬ ጫፉን ነካው። ደነገጥኩና ደበቅኳት። ኋላ ሙሉውን በእኔ ሲያላክኩ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ይቺን ባሳያቸው ሌላውን ማን ያምነኛል?»

ጠጋኟ ስንጣሪዋን በወረንጦ ታነሳታለች።

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን እናስጽፍ?»

«ልክ የሆነውን። ስብራቱ የጥንት ነው፤ ጫፉን ግን አካፋ ነክቶታል በይ።»

ዱካዬን ወደ መብራቱ እስባለሁ። ወረንጦው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል። ስንጣሪዋ ሳትገፋ ቦታዋ ላይ ቁጭ ትላለች።