ለሁለት የተለበሰ ጋቢ

ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ባጃጅ እየጠበቁ ሳሉ፣ ሰርካለም የእጮኛዋን ስልክ ተቀብላ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ቅዳሜ ኮንሰርቱ ላይ ብርዱ አላስቆም ሲላቸው፣ እናቷ የፈተለችላትን ጋቢ ለሁለት ለብሰው ነበር ፎቶውን የተነሱት። ከኋላቸው አንድ ሰካራም ጠርሙሱን አንስቶ ስለገባባቸው፣ "እባክህ እሱን በኤአይ አጥፋልን" ብላው ነበር። አሁን ፌስቡክ ላይ በለጠፈው ፎቶ ሰካራሙ ጠርሙሱን እንዳነሳ ቆሟል። የሌለችው እሷ ናት። ጋቢው እጮኛዋን ብቻ ጥቅልል አድርጎታል።

"ኤአዩ ነው እኮ የተሳሳተው" አለ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ እያሸሸ። "ማንን እንደሚያጠፋ ግራ ገብቶት ነው።"

ከፎቶው ሥር አንዲት ሴት "አንተ ልጅ፣ አታገባም እንዴ?" ብላዋለች። እሱም "እስቲ ፈልጊልኝ" ብሎ መልሶላታል። እሱ የላካቸው ሽማግሌዎች ጎረቤላ ከተማ ወላጆቿ ቤት ደርሰው ከተመለሱ ሳምንት አልሞላቸውም።

ሰርካለም ስልኩን መለሰችለት። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ ዛሬም ደርቦት የቆመውን ያንኑ ጋቢ ከትከሻው ላይ ገፈፈችው።

"ምነው ሰርኬ፣ በዚህ ብርድ?"

"ፎቶው ላይ ያለው ያሙቅህ" አለችው።