ስም የምትውጥ አስተርጓሚ

ጉብኝቱ ሲጀመር አስጎብኚያችን እትዬ ሜቪስ አስተርጓሚዋን መሣሪያ እንደ ራሳቸው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ እየከተቱልኝ፣ «በእኛ በአገሬው ነባር ሕዝብ፣ በአቦርጂናሎች ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ሰው የትም ይሙት፣ ይቺ ወዲያው ታውቃለች፤ ስሙንም ትውጠዋለች» አሉኝ።

«እኛ ደግሞ ስሙን እየጠራን ነው የምናለቅሰው!» ብዬ ሳቅሁ።

በአራተኛው ቀን ዓሣ ነባሪዎች አይተን ስንመለስ ከባሕሩ ዳር አንድ ዛጎል አነሳሁ።

«ይሄ ለወንድሜ ለውድነህ ነው። ደሴ ታሞ ተኝቷል።»

«ለወንድምሽ ለማን?» አሉ እትዬ ሜቪስ።

«ለውድነህ።»

«አልተሰማኝም፣ ልጄ።»

«ለውድነህ ነው የምልዎት! ለውድ…»

ዛጎሉ ከእጄ ወደቀ።

እትዬ ሜቪስ የራሳቸውን መሣሪያ ከጆሯቸው አውጥተው አሸዋው ላይ ጣሉና አጥብቀው አቀፉኝ።

«ስሙን ጥሪው፣ ልጄ» አሉኝ።