ሁለት ሰማያዊ ዶቃ

አቶ ዘርዓብሩክ ለአዲሱ ፒካፓቸው የፊት መከላከያ ሲመርጡ ከሁሉም ወፍራሙን ብረት አነሱ። «ሰው ቢመታ እንኳ እንዳይጎብጥ አድርገህ በይደው» አሉኝ። አፍዎን ይቁረጠው አልል ነገር፣ ሽማግሌ ናቸው። ዋጥ አድርጌ በየድኩት።

ብረቱን ገጥሜ ስጨርስ ነጭ በግ አመጡ። እኛ ሠራተኛ ሰፈር፣ አዲስ መኪና ደም ካላየ ራሱ ይፈልጋል እንላለን። በጉን ከጎማው ሥር አረድነው፤ እሳቸውም ብረቱን በደሙ ቀቡት። አመሻሽ ላይ አጠብኩት፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጌ አቆምኩት፣ ባትሪውን ፈትቼ ግቢውን ቆለፍኩ።

ጠዋት ስከፍት ብረቱ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ባትሪው ጠረጴዛዬ ላይ እንዳስቀመጥኩት ነው። ደሙ ግን ተመልሷል፤ ትኩስ ነው። መዶሻ ይዤ ስጠጋ፣ በብየዳው ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር ሹሩባ አየሁ። ከነራስ ቆዳው ተነቅሏል። ጫፉ ላይ ሁለት ሰማያዊ ዶቃ አለ።

«አባዬ፣ ምሳ ዕቃህን ረስተህ ሄድክ!»

ልጄ ምኞት በሩ ላይ ቆማለች። ማታ ፀጉሯ ጎፈሬ ነበር።

«አየኸው? እማዬ አሁን ሠራችኝ» አለች፣ ሹሩባዋን ወደ ፊት እየወረወረች። ጫፉ ላይ ሁለት ሰማያዊ ዶቃ ተጋጨ።

ከኋላዬ ሞተሩ ተነሳ።