በሆዴ ካልተሸከምኩ

«ልጄን በሆዴ ካልተሸከምኩ» ያለችው ትንቢት ምጧ ሲፋፋም፣ የከተማው ሆስፒታል ግራ ገባው። ዘመኑ ሕፃናት በመስታወት ማህፀን አድገው ወላጆች በቀጠሮ የሚረከቡበት ነው። ወጣቶቹ ሐኪሞች ምጥን የሚያውቁት በሥዕል ብቻ ስለነበር፣ የሰማንያ አምስት ዓመቷን ጡረተኛ አዋላጅ፣ ሲስተር ዘርፌን፣ ከቤታቸው በመኪና አስመጧቸው።

ሲስተር ዘርፌ እጃቸውን ታጥበው የትንቢትን ሆድ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ «አይዞሽ፣ ልጁ መንገዱን ይዟል» አሏት።

ትንቢት ወገቧ ቁርጥ ቁርጥ ሲልባት የእናቷን የወይዘሮ አስካለን እጅ ጨመቀች። «እማዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚያመኝ?»

«ምኑን አውቄ ልንገርሽ፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ እፍረት ይዟቸው። «እኔ እኮ አንቺን የወሰድኩሽ በቀጠሮ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም አብረዋት ይተንፍሱ» አሉ ሲስተር ዘርፌ። «አንቺ ደግሞ አሁን ግፊ።»

እናትና ልጅ አብረው ተነፈሱ፣ አብረው አቃሰቱ። ወይዘሮ አስካለ እንደሚወልድ ሰው ፊታቸው ቀልቶ፣ ላብ በላብ ሆነው ሲያምጡ ትንቢት አየቻቸውና በሕመሟ መሀል ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሕፃኗን ደረቷ ላይ አኖሩላት። እርጥብ ናት፣ ትሞቃለች፣ ፀጉሯ ላይ ደም አለ።

«እኔም እንዲህ ነበርኩ?» አለች ትንቢት።

«አንቺንማ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠቅልለው ነው የሰጡኝ።»

ነርሷ ሕፃኗን ልታጥብ ስትመጣ ወይዘሮ አስካለ አዲሱን ነጠላቸውን ዘርግተው ቀደሟት። «ቆይ አንዴ» አሏት። «እንዲህ እንዳለች ትንሽ ልቀፋት።»