ወደ ታች ብቻ

«ሽኚ በቃ፣ የኔ እመቤት» ይላታል አባቷ። ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ አልብሰውት በጠባብ በር የማያልፍ ሶፋ መስሏል።

ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች። አምስት ዓመቷ ነው። ቀዝቃዛው የራጅ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቶቿን አጣብቃለች። በቀጭን ቱቦ የሽንት ፊኛዋ ውስጥ የሞሉት፣ በራጅ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ ሆዷን ወጥሮታል።

«አልጋ ላይ አይሸናም» ትላለች።

ይህቺን ነገር ያስጠናቻት እናቷ ራሷ ናት፤ ክረምቱን ሙሉ፣ በልመናም በከረሜላም በቁጣም። የረጠበውን ፍራሽ ጎረቤት ሁሉ በሚያየው አጥር ላይ ያሰጣችበት ቀንም አለ። ለካ ልጅቷ ጎበዝ ተማሪ ኖራለች።

«ይሄ እኮ አልጋ አይደለም፤ ጠረጴዛ ነው» ይላል አባት።

«ጠረጴዛ ላይማ ጭራሽ!»

የራጅ ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጥግ ላይ ያለውን ቧንቧ ትከፍታለች። ውሃው ይንሿሿል። «ስሚው እናትዬ፤ እሱ እንኳን አላፈረም።»

ስለ ትኩሳቱ ማንም አያነሳም። በየወሩ እየመጣ የሚያነዳት ትኩሳት፣ ለዘመድ አዝማዱ አንዴ ብርድ፣ አንዴ ጥርስ፣ አንዴ ቅብጠት ነበር። ወደዚህ የላካቸው ሐኪም ግን አብሯት የተወለደ ነገር ሳይሆን አይቀርም አለ። «ስትሸና ወደ ታች ብቻ ከወረደ፣ እሰየው ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊቷ ከተመለሰ ግን...» ብሎ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ።

«እማዬ፣ አትቆጪኝም?»

«አልቆጣሽም።»

«ፍራሹንም አታሰጪውም?»

እናት ባሏን አታየውም። «አላሰጣውም፣ የኔ ዓለም። ሽኚ።»

ጉልበቶቿ ቀስ ብለው ይላቀቃሉ። ከሥሯ በተነጠፈው ፕላስቲክ ላይ መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ትለቀዋለች።

«እሰይ! አንበሳ!» አባት ያጨበጭባል። እናትም ትከተላለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለሽንት እንደ ሠርግ ቤት ያጨበጭባሉ።

ባለሙያዋ አታጨበጭብም። የራጁን ስክሪን እያየች ነው።

እናት የባለሙያዋን ዓይን ትከተላለች። ፈሳሹ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ነጭ ክሮች ወደ ላይ ይሳባሉ። አይቸኩሉም፤ መንገዱን በደንብ እንደሚያውቅ ሰው ነው አካሄዳቸው። የእናት እጆች አየር ላይ እንደተከፈቱ ይቀራሉ።

«ጎበዝ ነኝ?» ትላለች ልጅቷ ጣሪያውን እያየች።

«በጣም እንጂ!» ይላል አባት፤ እሱ አሁንም ያጨበጭባል።

ባለሙያዋ እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ትዘጋለች። ውሃው ይቆማል። ነጩ ወደ ላይ ይወጣል።