የቲቸር ማሙሸት ድምፅ

ቲቸር ማሙሸት የጂኦግራፊ ትምህርቱን በሞባይሉ መቅዳት የጀመረው ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹ እያንቀላፉ ስላስቸገሩት ነው። ለአዋሽ ወንዝ ውሃ ከጆግ ወደ ሳፋ ያንቆረቁራል፤ ለዳሎል ሙቀት ያለከልካል። መሃል ላይ «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ!» ይልና ትንሽ ቆይቶ «ጎበዝ! ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል። ክፍል ውስጥ ሲያሰማቸው እዚህ ላይ ሞባይሉን ያቆምና ጥያቄውን ራሱ ይመልሳል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

የግል ትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ስህን በር ላይ ቆመው አዳመጡና ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ! ታዲያ ለምን የዓመቱን በሙሉ አትቀዳልንም?» አሉት።

ደስታው ወሰን አጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁ እንዳይገባበት ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲቀዳ ከረመና ፍላሹን አስረከባቸው።

መስከረም ሲጠባ የሥራ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። «ተማሪ ቀነሰብን፤ ምን ላድርግ ብለህ ነው?» አሉት ወይዘሮ ስህን።

ጥቅምት ላይ የሥራ ልምድ ሊያጽፍ ሄደ። በድሮ ክፍሉ መስኮት በኩል ሲያልፍ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማ። ክፍሉ ጢም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ስፒከር ተቀምጧል፤ አጠገቡ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ያንቀላፋል።

«ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ!» አለ የራሱ ድምፅ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጎበዝ! ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ስፒከሩ፤ ቀጥሎም ወደ ዋቢ ሸበሌ አለፈ።

ልጅቷ እጇን አላወረደችም።