የአንዲት ጎጆ አዋጅ

ከሐይቁ ዳር በሃምሳ ሜትር ውስጥ መኖርን የሚከለክለው አዋጅ በክልሉ ምክር ቤት ሲጸድቅ፣ ከአባላቱ ሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። ሃምሳ የምትለዋን ቁጥርም ያስገባት ራሱ ነው። በተወለደበት የዓሣ አስጋሪዎች መንደር፣ ከሃምሳ ሜትር ወዲህ ያለችው የአያ እንየው ጎጆ ብቻ መሆኗን በእርምጃው ለክቶ ያውቃል።

አባቱ ሐይቁ መሃል የሰጠመው በአያ እንየው ጥፋት ነው። ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳ ሰው አይሸከምም፤ ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ መንጠፍጠፍ አለበት። አያ እንየው ግን በሽማግሌ ፊት፣ "የሟቹን ታንኳ ተውሼ ውሃ ላይ ጥዬው አደርኩ" ብለው አመኑ። ሽማግሌዎቹ አስታረቁ። ልጁ ግን ቂሙን ቋጥሮ ተማረ፣ ተመረጠ፣ ሠላሳ ዓመት ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ።

የማፍረሻውን ደብዳቤ ራሱ ይዞ ሄደ፤ ፊታቸው ሲጠቁር ማየት ፈልጎ።

"ይሁን፣ ልጄ" አሉ አያ እንየው።

"ምኑ ነው የሚሆነው!" ሚስታቸው ከጓዳ ወጡ። "ያን ሰሞን በወባ ተይዞ ከመደቡ አልወረደም! የማንን ታንኳ ሊዋስ?"

"ዝም በይ! ምለሽልኛል!" አሉ ሽማግሌው።

"ታዲያ ያልሠሩትን ለምን አመኑ?" አለ እሱ።

ሴትዮዋ አፍጥጠው አዩት።

"የአባትህን ታንኳ ማታ ማታ የምታቆመው አንተ አልነበርክም? ኳስ ስታባርር መሽቶብህ ረሳኸው። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር።"